ሞዓባዊቷ ገባች፤ ሕጉ ግን አልተፋቀም

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከታዳጊዎቹ አንዱ «እግዚአብሔር እስራኤልን ከመረጠ ሌሎቹ ሕዝቦች ብሉይ ኪዳን ውስጥ ምን ይሠራሉ? ለመሸነፍ ብቻ ነው የገቡት?» አለኝ። ሩትንና ረዓብን ጠቀስኩለት። እሱ ደግሞ ዘዳግም 23ን አውጥቶ «ሞዓባዊ እስከ ዐሥር ትውልድ አይግባ ይላል እኮ» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሩትና ረዓብ ልዩ ሁኔታ ናቸው ወይስ ሌላ ነገር አለ? ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክስ? ለልጁ ምን ልበለው?

ምላሽ፦ መምህርት፣ ልጁ ጎበዝ ነው። ዘዳግም 23ን ገልጦ ከሩት ጎን ያስቀመጠ ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል። ብዙ ሰባኪ ሁለቱን በአንድ ቀን አያነብም።

አጭሩ መልሴ ይኸው። ልዩ ሁኔታ አይደሉም። ልዩ ሁኔታ እንዳይባሉ በጣም ብዙ ናቸው፤ የቆሙበትም ቦታ ዋና ዋናው ነው። የሚከለክለው ሕግም ግን የምር ሕግ ነው፤ ለይስሙላ አልተጻፈም። የዕብራውያን መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ የላቸውም። ይከራከራሉ። መጻሕፍቱን የሰበሰቡትም ሰዎች ክርክሩን አላጠፉትም፤ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጥራዝ ትተውልናል። በዚህ ክርክር ውስጥ ደግሞ የውጭው ሰው አንድ የሚደጋገም ሥራ አለው። እስራኤል የምትለካው በእሱ ነው።

ከልጁ ጥቅስ እንጀምር። ዘዳግም 23፥3 አሞናዊና ሞዓባዊ እስከ ዐሥር ትውልድ ድረስ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ምክንያቱን ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ይዘልለዋል። ከግብጽ ስትወጡ እንጀራና ውኃ ይዘው አልተቀበሏችሁም፤ በለዓምንም ሊያስረግሟችሁ ቀጠሩ። ይኸው ነው። የመጀመሪያው ክስ የእንጀራ ክስ ነው።

አሁን መጽሐፈ ሩትን ይክፈቱ። ረሃብ ገብቷል። የገባው ቤተ ልሔም ነው። ኑኃሚንና ባሏ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው የት ሄዱ? ሞዓብ። እዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ። እንጀራ ነፈገ ተብሎ የተከሰሰው አገር የቤተ ልሔምን ስደተኞች አብልቶ አኖረ ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን አያጮኸውም፤ አስቀምጦት ያልፋል። ከዚያ ከልጆቻቸው አንዱን አግብታ የነበረችው ሞዓባዊት ሩት፣ ባሏ ሲሞት፣ አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ መጣች። ምዕራፍ 2 ላይ ቀኑን ሙሉ ስትቃርም ዋለች። ማታ የቃረመችውን ስትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ያህል ገብስ ሆነ። ያን ተሸክማ ወደ ከተማ ገባች፤ ከምሳዋ የተረፋትንም አውጥታ ለአማቷ ሰጠች። ሞዓባዊት ለእስራኤላዊት እንጀራ ይዛ መጣች። የሕጉ ክስ በዝምታ መልስ እየተሰጠው ነው።

ሌላም አለ። ሞዓብ በእስራኤል ዘንድ ስሙ የጠፋው በሴቶቹ በኩል ነው። ዘፍጥረት 19 የሞዓብን ዘር ከሎጥ ስካር ያወጣዋል፤ ልጁ ወይን አጠጥታው ሌሊት ገባች ይላል። ዘኍልቁ 25 ላይ ደግሞ የእስራኤል ወንዶች ከሞዓብ ሴቶች ጋር ያመነዝራሉ፤ ሴቶቹም ወደ አማልክቶቻቸው መሥዋዕት ይጠሯቸዋል። ይህን እየሰማ ያደገ አድማጭ ሩት 3 ላይ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቅ ያስቡት። ወንዱ በልቷል፣ ጠጥቷል፣ ልቡ ደስ ብሎታል። መሽቷል። ሞዓባዊት ሴት ቀስ ብላ መጥታ እግሩ ሥር ተኛች። ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው እዚያ ያደረሰን። ከዚያ የተከተለው ግን የጋብቻ ጥያቄ ነው፤ ሰውየውም፣ የኑኃሚን ባል ዘመድና የቃረመችበት እርሻ ጌታ ቦዔዝ፣ «ከእኔ ይልቅ የሚቀርብ ሌላ ዘመድ አለ» ብሎ የሕግ ጉዳይ ውስጥ ገባ። ጠዋት በከተማው በር ላይ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በሥነ ሥርዓቱ አለቀ።

መጽሐፉ የሚዘጋው በትውልድ ዝርዝር ነው። ቦዔዝ ኢዮቤድን፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን ወለደ። ከሩት ቢቆጠር ዳዊት ሦስተኛው ትውልድ ነው። ዝርዝሩ ራሱ ግን ከፋሬስ ጀምሮ ሲቆጠር ስንት ስም ነው? ዐሥር። እንደ አጋጣሚ የሚያየው አለ። እኔ አይመስለኝም።

የአይሁድ ሊቃውንትም ነገሩ አልጠፋቸውም። ሚሽና በተባለው የቃል ሕጋቸው ስብስብ ላይ መፍትሔ አስቀምጠዋል። ክልከላው ለወንዶቹ ነው፤ ሴቶቹ ወዲያው ይፈቀድላቸዋል። ሚሽናን የሚተነትነው ታልሙድ ምክንያቱን ሲያብራራ እንግዳ ለመቀበል መንገድ ላይ መውጣት የወንድ ልማድ ነው፣ ሴቶቹ በዚህ አይጠየቁም የሚል ሐሳብ ያነሳል። ጥሩ ጠበቃ የሚኮራበት መከራከሪያ ነው። ግን እንዲህ ያለ መከራከሪያ ማስፈለጉ ራሱ ሕጉ ቀልድ እንዳልነበር ይናገራል። የንጉሥ ዳዊት ዘር ጥያቄ ውስጥ ገብቶ ነበርና።

ክርክሩ የወረቀት ብቻም አልነበረም። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ኢየሩሳሌም ውስጥ ትዳር ፈርሶበታል። ነህምያ 13 የሚጀምረው ይኸው የዘዳግም 23 ክፍል በሕዝቡ ጆሮ ሲነበብ ነው። ወረድ ብሎ የይሁዳ አገረ ገዥ ነህምያ የፍልስጥኤም ከተማ የሆነችውን የአዛጦንን፣ የአሞንንና የሞዓብን ሴቶች ያገቡ አይሁድ አገኘ። ከልጆቻቸው እኩሌታው የአዛጦንን ቋንቋ ነው የሚናገሩት፤ የአይሁድን ቋንቋ አይችሉም። ነህምያ ተጣላቸው፣ ረገማቸው፣ አንዳንዶቹን መታ፣ ጠጉራቸውን ነጨ። ይህን የሚተርከው እሱ ራሱ ነው፤ አያፍርበትም። ዕዝራ 10 ላይ ደግሞ ሕዝቡ አደባባይ ተቀምጦ በነገሩና በዝናቡ ይንቀጠቀጣል። ሚስቶቻቸውን ከነልጆቻቸው ሊሰዱ ነው።

ነህምያን ጭራቅ ማድረግ ቀላል ነው። ይሁዳ ያኔ በፋርስ ሥር ያለች ትንሽ አውራጃ ነበረች። ንጉሥ የላት፣ ጦር የላት። የቀራት ቤተ መቅደሱ፣ ሕጉና ቋንቋው ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ በአማርኛ ሲጠይቀው ልጁ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚመልስለት አባት የነህምያን ድንጋጤ ያውቀዋል። ድንጋጤው ይገባኛል። ግን ደግሞ ዕዝራ 10ን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የባሎቹ ስም በረጅም ዝርዝር ተጽፏል። የተሰደዱት ሴቶች ስም የላቸውም። አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚህ ምዕራፍ አጠገብ መጽሐፈ ሩት መኖሩ፣ ያውም ሞዓባዊቷ ደጋግማ የምትናገርበት መጽሐፍ መኖሩ፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሩት በዕዝራ ዘመን ለተቃውሞ የተጻፈች ናት የሚሉ አሉ፤ ቀደም ብላ በነገሥታቱ ዘመን ነው የሚሉም አሉ። የትኛውም ቢሆን ሁለቱ አብረው ተጠብቀዋል።

በግልጽ የመለሰው ግን ኢሳይያስ 56 ነው። ዘዳግም 23 ማንን በመከልከል እንደሚጀምር ይመልከቱ። ብልቱ የተጎዳ ወንድ ነው፤ ባጭሩ ጃንደረባ። ሁለት ቁጥር ወረድ ሲል ሞዓባዊው ይመጣል። ኢሳይያስ 56 ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ባዕድና ጃንደረባ ናቸው። ባዕዱ «እግዚአብሔር ከሕዝቡ ይለየኛል» አይበል። ጃንደረባው «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» አይበል። ሰንበቴን ቢጠብቅ፣ ቃል ኪዳኔን ቢይዝ፣ በቤቴና በቅጥሬ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚሻል ስም እሰጠዋለሁ ይላል። «ቤቴ ለአሕዛብ ሁሉ የጸሎት ቤት ይባላል» የሚለው የታወቀ ቃልም የተነገረው እዚሁ ነው። ይህ ሰው ሕጉን ሳያውቅ አልተናገረም። ሕጉን ከፊቱ ዘርግቶ ነው።

አቤሜሌክን እዚህ ጋ የማመጣውም ለዚህ ነው። እሱ ሁለቱንም ነው፤ ባዕድም፣ ጃንደረባም።

ኤርምያስ 38ን ያስታውሱ። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበዋል። ኤርምያስ «እጅ ስጡ» እያለ ነው። አለቆቹ ይገደል አሉ። ንጉሡ ሴዴቅያስ ምን መለሰ? እነሆ በእጃችሁ ነው፤ ንጉሡ በእናንተ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። ንጉሥ ነው እንዲህ የሚለው! ነቢዩን በገመድ ጉድጓድ ውስጥ አወረዱት። ውኃ የለበትም፤ ጭቃ ነው። ሰመጠ። ከይሁዳ ሰው አንድ ትንፍሽ ያለ የለም። ትንፍሽ ያለው የቤተ መንግሥቱ ባዕድ ነው። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ አቤሜሌክ ሄዶ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ፤ በረሃብ ይሞታል» አለው። በር ማለት ያኔ ችሎት ነው፣ ሕዝብ ነው። እልፍኝ ውስጥ ሹክ አላለም።

ንጉሡ ፈቀደ፤ ሰዎችም ሰጠው። አቤሜሌክ ግን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሄደም። ከቤተ መዛግብቱ በታች ወዳለ ክፍል ገብቶ አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ለቀመ። ያን በገመድ አወረደና ነቢዩን «ከገመዱ በታች በብብትህ ሥር አድርገው» አለው። የተራበ፣ ሥጋው ያለቀ ሰው በገመድ ሲጎተት ብብቱ ይላጣል። ያን አስቦ ነው። ብሉይ ኪዳን ስለ ዝርዝር ስስታም መጽሐፍ ነው፤ አብርሃም ይስሐቅን ይዞ ሦስት ቀን ሲሄድ ምን እንደተነጋገሩ እንኳ አይነግረንም። ለእነዚህ ጨርቆች ግን ሁለት ቁጥር ሰጠ።

ስለ አገሩ አንድ ነገር ልበል። አማርኛው ኢትዮጵያ የሚለው ኩሽን ነው። ከግብጽ በስተደቡብ ያለ የዓባይ ሸለቆ ነው፤ በአብዛኛው የዛሬዋ ሰሜን ሱዳን ውስጥ ይወድቃል። ከዛሬው ድንበራችን ጋር አይገጥምም። ትውፊታችን ግን ሰውየውን የራሱ አድርጎታል። ተረፈ ባሮክ በተባለው መጽሐፍ ላይ የለቀመውን በለስ እንደያዘ 66 ዓመት ተኝቶ የሚነቃው እሱ ነው።

ምዕራፍ 39 ላይ ከተማዋ ወደቀች። ሴዴቅያስ ሲሸሽ ተያዘ። ልጆቹን በፊቱ አረዷቸው፤ ከዚያ ዓይኑን አወጡት። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ለአቤሜሌክ ቃል መጣለት፤ «ፈጽሜ አድንሃለሁ፤ በእኔ ታምነሃልና»። ዘዳግም 23 በሁለት በኩል የሚያስቀረው ሰው ነው። የዳዊት ዙፋን ወራሽ ጠፋ፤ እሱ ተረፈ። መለኪያ ስል ይህን ማለቴ ነው።

አንዴ ካዩት በየቦታው ያገኙታል። ዘፍጥረት 20 ላይ አብርሃም ጌራራ ገብቶ ሚስቱን እኅቴ ናት አለ። ለምን ሲባል «በዚህ ስፍራ እግዚአብሔርን መፍራት የለም ብዬ ነው» አለ። ንጉሡ አቢሜሌክ ግን በሕልሙ እግዚአብሔርን ምን ብሎ ነበር? «ጻድቅ ሕዝብን ደግሞ ታጠፋለህን?» ይህን ጥያቄ የት እናውቀዋለን? ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ አብርሃም ራሱ ስለ ሰዶም ጠይቆታል። ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም የተባለው ሰው የአብርሃምን ጸሎት ይጸልያል። አብርሃም ደግሞ ይዋሻል። አጋርም አለች፤ ግብጻዊት ገረድ። «የእግዚአብሔር መልአክ» ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገለጠው ለእርሷ ነው፤ ለሣራ አይደለም። ለተናገራት አምላክ ስም ያወጣችውም እርሷ ናት።

ኦርዮንም አይርሱት። ኬጢያዊ ነው። ዳዊት ሚስቱን ወስዶ ሊሸፍነው ሲፈልግ «ቤትህ ሂድና እግርህን ታጠብ» አለው። ኦርዮ አልሄደም። ታቦቱ፣ እስራኤልና ይሁዳ በድንኳን ተቀምጠው እኔ ልበላ፣ ልጠጣ፣ ከሚስቴ ጋር ልተኛ እሄዳለሁን አለ። ይህን መናገር የነበረበት ማን ነበር? በማግስቱ ዳዊት አስክሮት ሞከረ፤ ሰክሮም አልሄደም። በመጨረሻ የሞት ፍርዱን ደብዳቤ በገዛ እጁ ይዞ ወደ ጦር ሜዳ ተመለሰ።

የሁሉም ቁንጮ ለእኔ ንዕማን ነው፤ 2ኛ ነገሥት 5። የሶርያ ጦር አለቃ፣ የጠላት ጄኔራል፣ ግን ለምጻም። የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ ያስደነግጣል፤ እግዚአብሔር በእጁ ለሶርያ ድል ሰጥቶ ነበር ይላል። ድሉ በማን ላይ ነው? ቀጥሎ ከእስራኤል ምድር የተማረከች ትንሽ ልጅ ቤቱ ውስጥ ስታገለግል እናያለን። «ነቢይ አለ» ብላ መንገዱን ያሳየችውም እሷ ናት። ሰውየው 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ሰቅል ወርቅና 10 ቅያሪ ልብስ ይዞ መጣ። ነቢዩ ኤልሳዕ ከቤት እንኳ አልወጣለትም። ሰው ልኮ ዮርዳኖስ ወርደህ ሰባት ጊዜ ታጠብ አለው። ጄኔራሉ በገነ። የደማስቆ ወንዞች አይሻሉም ወይ አለ። ባሪያዎቹ አግባብተው መለሱት። ታጠበ፤ ዳነ።

ሰንበት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን እዚህ ያቆመዋል። ዋናው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ንዕማን ሁለት ነገር ለመነ። አንደኛ፣ ሁለት በቅሎ የሚጭነው አፈር። ከእንግዲህ ለእግዚአብሔር ብቻ ሊሠዋ ቆርጧል፤ ግን ያን የእስራኤል አምላክ ያለ እስራኤል አፈር እንዴት እንደሚያመልክ ገና አልታየውም። ሁለተኛው ይከብዳል። ጌታዬ ንጉሡ በሬሞን ቤት ሲሰግድ እጄን ይደገፋል፤ እኔም አብሬው እሰግዳለሁ፤ ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ አለ። የጣዖት ቤት ነው እኮ። ኤልሳዕ ደግሞ የማን ደቀ መዝሙር ነው? በቂሶን ወንዝ የበኣልን ነቢያት ያሳረደው የኤልያስ። መልሱ ምን ሆነ? «በሰላም ሂድ።» በቃ። ተገረዝ አላለውም። ሥራህን ልቀቅ አላለውም። እዚሁ ቅር አላለውም። ንዕማን ሶርያዊ እንደሆነ ወደ ሶርያ ተመለሰ። ከዚያ የነቢዩ ሎሌ ግያዝ ከኋላው ሮጠ፤ ዋሽቶ ብርና ልብስ ተቀበለ። ሲመሽ የንዕማን ለምጽ ግያዝ ላይ ነበር።

እስካሁን ያልኩት ደስ የሚለውን ነው። ሌላውንም ማድበስበስ አልፈልግም። ዘዳግም 7 እና 20 የከነዓንን ሕዝቦች ፈጽማችሁ አጥፉ ይላሉ። 1ኛ ሳሙኤል 15 ስለ አማሌቅ ሲናገር የሚጠባውን ሕፃን ጨምሮ ነው። ልጁ ይህን ቢያነሳ «ምሳሌ ነው» ብለው አይለፉት። የዚያ ዘመን የጦር ቋንቋ እንደነበረ ግን ሊነግሩት ይችላሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የሞዓብ ንጉሥ ሞሳ ያስቀረጸው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1868 ዮርዳኖስ ውስጥ ዲባን ላይ ተገኝቷል። ሞሳ እዚያ ላይ ናባው የምትባለውን ከተማ ከእስራኤል ወስጄ 7,000 ሰው ለአምላኬ እርም አደረግሁ፣ ማለትም ለአምላክ ለይቼ ፈጽሜ አጠፋሁ፣ እያለ ይኩራራል። ቃሉ ሳይቀር አንድ ነው። በዚህ በኩል እስራኤልና ሞዓብ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው።

ዘዳግም 7 ራሱም አስገራሚ ነገር አለው። አጥፏቸው ካለ በኋላ ወዲያው «አትጋቧቸው» ይላል። ከጠፉ ከማን ጋር ነው ጋብቻው? መሳፍንት 1 መልሱን ይሰጣል፤ እነ እገሌን አላስወጡም፣ አብረው ተቀመጡ እያለ ይዘረዝራል። በመጽሐፈ ኢያሱ ደግሞ ከኢያሪኮ ጥፋት መጀመሪያ የዳነችው ከነዓናዊቷ ጋለሞታ ረዓብ ናት። «አምላካችሁ በላይ በሰማይ፣ በታችም በምድር አምላክ ነው» ያለችው እሷ ናት። እርሙን ሰርቆ በድንጋይ የተወገረው አካን ግን ከይሁዳ ነገድ ነው፤ የዘር ሐረጉ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ከነዓናዊቷ ገባች፤ የይሁዳው ወጣ። የጦርነቱ መጽሐፍ እንኳ መስመሩን በደም አላሰመረውም።

ስለ ነገሥታቱ ባጭሩ ልለፍ። ኤርምያስ ናቡከደነፆርን «ባሪያዬ» ያሰኛል። ኢሳይያስ 45 ደግሞ ለፋርሱ ቂሮስ የዳዊት ልጆች የሚጠሩበትን ማዕረግ ሰጠው፤ እግዚአብሔር የቀባው። ያውም «አንተ ሳታውቀኝ» እያለ። ቂሮስ በ539 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባቢሎንን ከያዘ በኋላ ያስጻፈው የሸክላ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ እዚያ ላይ ድሉን የሰጠው የባቢሎን አምላክ ማርዱክ ነው። ስለ ኢየሩሳሌም አንድ ቃል የለም። በነገራችን ላይ ያ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1879 የወጣው በሆርሙዝድ ራሳም ቁፋሮ ነው። አዎ፣ ያው ራሳም፤ የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያሰሩት።

ልጁ «እግዚአብሔር እስራኤልን ከመረጠ» ብሎ ነው የጀመረው። ምርጫው ምን ማለት እንደሆነ ከአሞጽ የበለጠ የተናገረ የለም። ምዕራፍ 3 ላይ «ከምድር ወገን ሁሉ እናንተን ብቻ አውቄአለሁ» ይላል። አድማጩ ደረቱን ሳይነፋ ዐረፍተ ነገሩ ይቀጥላል፤ «ስለዚህ ስለ ኃጢአታችሁ ሁሉ እበቀላችኋለሁ»። ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» አለ። እኛ ይህን ስንጠቅስ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ለእኛ ደስ ይላላ። ቀሪውን ያንብቡት። እስራኤልን ከግብጽ፣ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር፣ ሶርያውያንን ከቂር ያወጣሁ እኔ አይደለሁምን? የእስራኤል ትልቁ ኩራት ከግብጽ መውጣቷ ነው። አሞጽ ጠላቶቻችሁም የየራሳቸው መውጣት አላቸው፤ ያወጣኋቸውም እኔ ነኝ ይላል። ምርጫውን አልካደም። ከምርጫው ውጭ ያሉት ታሪክ የላቸውም የሚለውን ግን ቀማቸው።

ለልጁ ምን ይበሉት? «ለመሸነፍ ብቻ ነው የገቡት?» ላለው፣ አይደለም ይበሉትና ንዕማንን እስከ ግያዝ ድረስ ያስነብቡት። ለዘዳግም 23 ጥያቄው ደግሞ ዘዳግም 23ን፣ ሩትን፣ ነህምያ 13ንና ኢሳይያስ 56ን በዚህ ቅደም ተከተል ይስጡት። አስታርቀው አይስጡት፤ ክርክሩን ራሱ ይይ። ሩት አራት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ጮክ ተብሎ ተነብባ ታልቃለች።

ይህ ልጅ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። ጾመ ነነዌ ሲመጣ ነነዌ በዮናስ ስብከት ከተማረች ናሆም ለምን «ለደም ከተማ ወዮላት» ይላል ብሎ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ 2ኛ ነገሥት 14፥25ን ያሳዩት፤ አማቴ የተባለ ሰው ልጅ የሆነው ዮናስ የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ነቢይ እንደነበር ይናገራል። ቀጥሎ ምዕራፍ 17ን ይግለጡለት። ያንን የሰሜን መንግሥት በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያጠፋችው አሦር ናት፤ ነነዌም የአሦር ከተማ ናት። ዮናስ ወደ ተርሴስ ለምን እንደሸሸ ልጁ ራሱ ይነግርዎታል።